ትከሻዋን አሟት ሐሞቷ ላይ ተገኘ

ከድር፦ ጤና ይስጥልን፣ ከደሴ ነን። ዛሬ የትርፍ አንጀት ህመም ለምን እምብርት ላይ እንደሚጀምር እናወራለን ብለን ነበር። ሰዓዳ፣ በይ ጀምሪ።

ሰዓዳ፦ እጀምራለሁ፣ ግን በመጀመሪያ የአክስቴን ላውራ። ቀኝ ትከሻዋን ያማት ነበር፤ ወደ ኋላ፣ ትከሻ አጥንቷ ስር። ብርድ ነው ተባለ። ከኮምቦልቻ ስትመጣ ሐረጎ ዳገት ላይ የሚኒባሱ መስኮት ተከፍቶ ነበር፣ ነፋስ መታት፣ በቃ።

ከድር፦ ሐረጎ ላይ መስኮት የሚከፍት ሰው አለ እንዴ!

ሰዓዳ፦ አለ እኮ! ከዚያ ቅባት ተቀባች፣ ታሸች፣ በጋቢ ተጠቀለለች። ጮማ የበላች ማታ ደግሞ ይብስባታል፣ ይህን ግን ማንም ልብ አላለውም። በኋላ አልትራሳውንድ ስትታይ የሐሞት ጠጠር ሆኖ ተገኘ።

ከድር፦ ሐሞትና ትከሻን ምን አገናኛቸው?

ሰዓዳ፦ ነርቭ ነዋ! የሐሞት ከረጢት ያለው ጉበት ስር ነው። ከበላዩ ድያፍራም አለ፣ የምንተነፍስበት ጡንቻ። የድያፍራሙ ነርቭ የሚነሳው ከሆድ አካባቢ አይደለም፣ ከአንገት ነው፤ ከ3ኛው እስከ 5ኛው የአንገት ነርቭ። የትከሻ ቆዳም ስሜቱን የሚልከው እዚያው ሰፈር ነው። ሐሞቷ ሲቆጣ ድያፍራሙን ይነካውና አንጎል «ትከሻ ነው» ይላል።

ከድር፦ አንጎል ይሳሳታል ማለት ነው?

ሰዓዳ፦ ምን ያድርግ? አንድ የግቢ በር ያላቸው ሁለት ቤቶች አስብ። በሩ ሲንኳኳ ዘበኛው ሁልጊዜ እንግዳ ወደሚመጣበት ቤት ይሮጣል። ከቆዳ የሚመጣው መልእክትና ከውስጥ አካል የሚመጣው ህብለ ሰረሰር ውስጥ አንድ ሴል ላይ ይገናኛሉ፤ አንጎል ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የለመደው ቆዳውን ነው። ሄንሪ ሄድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1893 እ.ኤ.አ. የትኛው የውስጥ አካል ሲታመም የቱ ቆዳ እንደሚያም ለይቶ አሳይቷል። በጣም ነው የምወደው ይህን ነገር!

ከድር፦ እሺ፣ እኔ ግን ነፋስን ሙሉ በሙሉ ነፃ አላወጣውም። እኔን መስኮት ዳር ስቀመጥ አንገቴን ይይዘኛል።

ሰዓዳ፦ ያንተ ጡንቻ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ሌላ ነው። ጠጠር ግን ነፋስ አያመጣም።

ከድር፦ ጠጠሩን ተቀብያለሁ። አንገቴን አልሰጥም።

ሰዓዳ፦ ይሁንልህ። ሌላው የሚገርመው ደግሞ አንጀት ቢቆረጥ ወይም ቢቃጠል ያን ያህል አያምም። ሲወጠር፣ ሲቆጣ፣ ደም ሲያጥረው ነው የሚጮኸው።

ከድር፦ ትርፍ አንጀቱስ? ሰው እየጠበቀ ነው እኮ።

ሰዓዳ፦ እሱም ያው ነው። መጀመሪያ ሲወጠር መልእክቱ የሚገባው የእምብርት ዙሪያ ቆዳ በሚገባበት ነርቭ ነው። ስለዚህ «የቱ ጋ ነው?» ስትለው በመዳፉ እምብርቱን ያሻል። ቁጣው ሰፍቶ የሆድ ግድግዳውን የውስጥ ሽፋን ሲነካ ግን ያ ሽፋን ቦታ የሚለይ ነርቭ አለው። ያኔ በአንድ ጣቱ ከታች በስተቀኝ ያሳይሃል። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሄደ ንገሩ።

ከድር፦ ልብም በግራ ክንድ ይወጣል ይባላል አይደል?

ሰዓዳ፦ በክንድ፣ በመንጋጋ፣ አንዳንዴም ከጡት በታች ሆድ ላይ። ስንቱ ሰው «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ይተኛል! ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ነርቩ ስለሚጎዳ ጭራሽ ላያመው ይችላል። ድንገት ያልበዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይዝላል። ያኔ ጠዋት እስኪነጋ አይጠበቅም።

ከድር፦ አባቴ እኮ ስኳር አለበት። ሰሞኑን ዳገቱን ሲወጣ እየቆመ ነው፣ እድሜ ነው ብለን ነበር።

ሰዓዳ፦ ያመዋል ወይ?

ከድር፦ አያመኝም ነው የሚለው።

ሰዓዳ፦ ድንገት የመጣበት ነገር ከሌለ ነገ ጠዋት ይዘኸው ሂድ። ኢሲጂ፣ የልብ ምርመራውን ማለቴ ነው፣ ይነሳ።

ከድር፦ ወላሂ አሁኑኑ እደውልለታለሁ። አንቺ ቀጥይ።