«ሴት ያሳደገው»

የተከበራችሁ መምህራን፣ የወላጅ ኮሚቴ አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ። የተጋበዝኩት ስለ ቤተ መጻሕፍቱ መዋጮ እንድናገር ነው። እሱን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ሽሮ እሸጣለሁ። ልጄን ያሳደግኩት ለብቻዬ ነው። እዚህ ከመግባቱ በፊት ሌላ ትምህርት ቤት ነበር፤ ስሙን አልጠራም። አምስተኛ ክፍል እያለ በኳስ መስኮት ሰበረ። «ወላጅ ይዘህ ና» ተባለ። ሥራዬን ጥዬ፣ ነጠላዬን እንኳ በወጉ ሳልለብስ ሮጥኩ። ዩኒት ሊደሩ ቀና ብሎ አየኝና «አባቱስ?» አለኝ። የለም አልኩት። «እንግዲያው ወንድ ዘመድ አምጪ» አለኝ። የመስታወቱን ብር በእጄ ይዣለሁ እኮ!

ወንድሜን ከአዘዞ ጠራሁት። በሩ ላይ ስንደርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ስንተኛ ክፍል ነው ያልሽኝ?» አለኝ። የፈረመው እንግዲህ ይኼ ሰው ነው። ለእሱ ወንበር ቀረበለት። እኔ ቆሜ ጨረስኩ።

ልጄ ክፍል ሲመለስ መምህሩ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ሴት ያሳደገው!» ክፍሉ ሙሉ ልጅ ሳቀ። ማታ «እማ፣ ሴት ያሳደገው ስድብ ነው እንዴ?» አለኝ። እጄ ሊጥ ውስጥ ነበር። ምን ልበለው?

እስቲ ጎንደሬዎች እንነጋገር። አፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። ልጁንም መንግሥቱንም የያዙት እናቱ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ወንድማቸው ወልደ ልዑል አግዘዋቸዋል፣ አልክድም። ዘውድ የጫኑት ግን እሳቸው! የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እሳቸው! ታዲያ ቁስቋም ሥር ቆሞ «ሴት ያሳደገው» ብሎ የሚሳደብ መምህር ልጆቻችንን የምን ታሪክ ሊያስተምር ነው?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃን የወላጆቹን ወይም የሕጋዊ አሳዳጊዎቹን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል። «ወንድ ዘመድ» የሚል እኔ አላየሁበትም። ልጅ ለብቻቸው የሚያሳድጉ አባቶችም እዚህ አሉ፤ «እናቱን ላክ» ሲባሉ ምን እንደሚሰማቸው እነሱ ይንገሯችሁ። የወላጅ ስብሰባም በገበያ ቀን አይሁንብን።

መዋጮውን በተመለከተ፣ እኔ ትናንት ከፍያለሁ። ደረሰኙ ይኸው። «ከፋይ» በሚለው ላይ የተጻፈው የአባቱ ስም ነው። ይስተካከልልኝ።