በኩማኖ ኮዶ መንገድ ከእራት ሰዓት ወደ ኋላ መቁጠር

[በምስል፦ በጭጋግ የተሸፈኑ ተራሮች፤ ከዚያ የኪይ ልሳነ ምድር ካርታ]

በጃፓን ከኦሳካ ከተማ በስተደቡብ፣ ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ዘልቆ የገባው ምድር ኪይ ይባላል። ተራራማ ነው፣ ዝናቡም ብዙ ነው። በተራሮቹ መካከል ሦስቱን የኩማኖ ታላላቅ መቅደሶች፣ ማለትም ሆንጉን፣ ናቺንና ሃያታማን የሚያገናኙ የጥንት የተሳላሚ መንገዶች አሉ። ኩማኖ ኮዶ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ዙፋኑን ያወረሰው ንጉሠ ነገሥት ጎ ሺራካዋ ከኪዮቶ ተነሥቶ ወደዚህ ከ30 ጊዜ በላይ ተመላልሷል። ዩኔስኮ መንገዶቹን በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው በ2004 ነው።

ዛሬ የምናየው ናካሄቺ የተባለውን መንገድ ነው፤ ከታኪጂሪ እስከ ሆንጉ 38 ኪሎ ሜትር ያህል። የተራራ ወጪነት ልምድ የሌለው፣ ግን እግሩ ጤነኛ የሆነ ሰው ይወጣዋል። አብዛኛው መንገደኛ የሚቸገረው በዳገቱ ሳይሆን በሰዓቱ ነው።

[በምስል፦ የመንደር ቤት፣ ደጃፉ ላይ የተደረደሩ ጫማዎች]

በመንደሮቹ የምታድሩት በአብዛኛው ሚንሹኩ በሚባል ቤት ነው። ሚንሹኩ ባለቤቶቹ ራሳቸው የሚኖሩበት፣ እራቱንም ራሳቸው የሚሠሩበት ቤት ነው። እራት ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይቀርባል። የጃፓን መርሐ ግብር ይህንን 18:00 ብሎ ይጽፈዋል፤ የአውቶቡስ ሰሌዳ ስታነቡም በየጊዜው ስድስት ሰዓት መቀነስ አትርሱ። እንግዳ የሚቀበሉት አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት ነው። ዘግይቶ የመጣ እንግዳ እራቱን ያቀዘቅዛል፣ ይልቁንም ባለቤቶቹ ጫካ ውስጥ ጠፍቶ ይሆን ብለው ይጨነቃሉ። በኅዳር ፀሐይ የምትጠልቀው 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ ከረጃጅሞቹ የጃፓን ዝግባዎች ሥር ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይጨልማል።

ስለዚህ ዕቅዱ ከማታ ይጀምራል። 10 ሰዓት ላይ ደጃፉ ላይ እንድትገኙ አስቡና ወደ ኋላ ቁጠሩ። በዳገቱ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር፣ በቀረው መንገድ ዕረፍትን ጨምሮ 3 ኪሎ ሜትር ያዙ። አስፋልት ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው እዚህ በዚያ ሒሳብ ከተነሣ ይመሽበታል።

[በምስል፦ ባቡር፣ ከዚያ የኪይ ታናቤ ጣቢያ]

ከሺን ኦሳካ ኩሮሺዮ የተባለው ባቡር በሁለት ሰዓት ከምናምን ኪይ ታናቤ ያደርሳችኋል። አውቶቡሱን ከመሳፈራችሁ በፊት እዚያው ኪይ ታናቤ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ አውጡ፤ ተራራው ላይ ካርድ የማይቀበል ማረፊያ ብዙ ነው። የውጭ ካርድ በፖስታ ቤትና በሰቨን ኢለቨን ኤቲኤም ይሠራል። ጣቢያው አጠገብ ካለው የመረጃ ማዕከል ካርታና በመንገዱ ላይ ያሉትን ማኅተሞች የምታትሙበትን ደብተር ውሰዱ። ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ታኪጂሪ 40 ደቂቃ ያህል ነው።

ከታኪጂሪ እስከ ታካሃራ 4 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም መነሻው ቀጥ ያለ የዛፍ ሥር ደረጃ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ከሰዓት በኋላ የደረሰ ሰው ታካሃራ ይደር፤ የሸንተረር መንደር ነውና ጠዋት ጠዋት ጉም ከሥሩ ተኝቶ ይታያል። በማግስቱ እስከ ቺካትሱዩ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቀላሉ ቀን ይህ ነው።

ሦስተኛው ቀን ግን ከቺካትሱዩ እስከ ሆንጉ 25 ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ብትሉት ከስምንት ሰዓት በላይ ይሆናል፤ ዳገቱ ደግሞ ከዚያ በላይ ስለሚያዘገያችሁ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት አለባችሁ ማለት ነው። ቁርስ ከዚያ በኋላ ከሆነ፣ ቁርሱንም ምሳውንም ቤንቶ በሚባል የምግብ ሣጥን እንዲቋጥሩላችሁ ከዋዜማው እራት በፊት ጠይቁ። ይህን ያህል መሄድ የማይችል ሰው በአውቶቡስ እስከ ሆሺንሞን ሄዶ የመጨረሻውን 7 ኪሎ ሜትር በእግሩ ይውረድ። በእኛ አስተያየት ጊዜ ያጠረው ሰው ሊመርጠው የሚገባው ክፍል ይህ ነው፤ የሻይ ማሳና መንደር እያቋረጠ በአብዛኛው ቁልቁል ይወርዳል።

[በምስል፦ የቁጥር ምሰሶ በቅርብ]

በየ500 ሜትሩ ቁጥር ያለው ምሰሶ ቆሟል፤ 1 ቁጥር ታኪጂሪ ነው፣ ሆንጉ አጠገብ 75 ይደርሳል። ያለፋችሁትን ቁጥር ሁልጊዜ በቃላችሁ ያዙ። አደጋ ቢደርስና ወደ 119 ብትደውሉ፣ ያላችሁበትን ከማንኛውም ገለጻ በተሻለ የሚናገረው እሱ ነው። ኢዋጋሚ የተባለው የመንገዱ ክፍል በ2011 አውሎ ነፋስ ስለተጎዳ መንገደኛው በተለዋጭ መንገድ ይሄዳል፤ አሮጌ ካርታ ግን አሁንም የቀድሞውን ያሳያል። ካርታችሁና ምልክቱ ከተለያዩ ምልክቱን እመኑ።

ሰው የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ ቁልቁለት ላይ፣ ከዝናብ በኋላ ነው። መንገዱ የተነጠፈበት ድንጋይ ሽበት የሚባለውን አረንጓዴ የድንጋይ ላይ ተክል ለብሷል፤ ሰፊና ለጥ ያለው ድንጋይ የተመቸ ይመስላል፣ የሚያዳልጠው ግን እሱ ነው። በድንጋዮቹ መካከል ባለው አፈር ላይ፣ በአጭር እርምጃ ርገጡ። የከዘራችሁን የብረት ጫፍ በጎማ ሸፍኑ፤ ብረቱ ያንሸራትታል፣ ጥንታዊውንም ድንጋይ ይፍቃል። ከሰኔ እስከ ሐምሌ አጋማሽ የዝናብ ወቅት ነው፤ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት አውሎ ነፋስ ሊመጣ ይችላል። ሚያዝያና ኅዳር የተሻሉ ናቸው፤ ማረፊያዎቹ ግን ጥቂት ክፍል ስላላቸው ወራት ቀድመው ይሞላሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለቪዛ የየቀኑን የጉዞ ዕቅድ ስለሚያስገባ፣ ማረፊያውን ቀድሞ መያዙ ሁለቱንም ያቀልለታል።

[በምስል፦ የእራት ገበታ]

አሁን ስለ ምግብ፤ በተለይ ለጿሚዎች። በገበታው ላይ ሥጋ ባይታይም ሾርባው፣ የተቀቀለው አትክልት፣ ማጥቀሻው ሳይቀር ዳሺ በሚባል መረቅ ይሠራል፤ ዳሺ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚወጣው። ሥጋ አልበላም ማለት ብቻ አይበቃም። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና የዓሣ ዳሺ እንደማትበሉ ማረፊያውን ስትይዙ ጻፉላቸው፤ ከኮምቡ፣ ከባሕር ቅጠል ማለት ነው፣ ዳሺ ማውጣት ይቻላል። ደርሳችሁ ብትነግሯቸው ግን እራቱ ተሠርቶ ስላለቀ የሚተርፋችሁ ነጭ ሩዝ ነው።

ቤት ስትገቡ ጫማችሁን ደጃፉ ላይ አውልቁ። ታታሚ የሚባለውን የወለል ምንጣፍ በስሊፐርም አትርገጡት። የመጸዳጃ ቤቱ ስሊፐር ከዚያ አይወጣም። ገላችሁን በርጩማ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ከገንዳው ውጭ በሳሙና ታጠቡና አለቅልቁ፤ ገንዳው መዘፍዘፊያ ብቻ ነው። ስትወጡ ውኃውን አትልቀቁት፣ ቀጣዩ እንግዳ የሚገባው እዚያው ውኃ ውስጥ ነው። ዩካታ የሚባለውን ቀለል ያለ የቤት ልብስ ስትለብሱ የግራው ጠርዝ ከቀኙ በላይ ይሁን፤ በተቃራኒው የሚለብሰው ሬሳ ነው።

[በምስል፦ የኦዩኖሃራ የቶሪ በር]

ሆንጉ ስትደርሱ መቅደሱን አይታችሁ ወደ ኦዩኖሃራ ውረዱ። መቅደሱ በ1889 ጎርፍ እስኪያፈርሰው ድረስ የነበረው እዚያ ወንዝ ዳር ነው፤ አሁን 33.9 ሜትር ከፍታ ያለው የቶሪ በር ቆሞበታል። ለማደር ዩኖሚኔ የተባለውን የፍል ውኃ መንደር ምረጡ። በተራራው አቋርጦ የሚወስደው የዳይኒቺ መንገድ አጭር ቢሆንም ዳገቱ ይከብዳል፤ 25ቱን ኪሎ ሜትር ለተራመደ ሰው አውቶቡስ ይሻላል። ዩኖሚኔ ውስጥ ጹቦዩ የተባለችው ትንሽ የፍል ውኃ ቤት በተራ፣ ለ30 ደቂቃ ትሰጣለች። ወረፋ ስላላት መጀመሪያ ተራ ያዙ፣ እየጠበቃችሁ ደግሞ መንደሩ ለምግብ ማብሰያ በለየው የፈላ ምንጭ ውስጥ እንቁላል ቀቅሉ።

ከዚህ ወደ ናቺ የሚቀጥለው መንገድ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሁለተኛው ቀን፣ ኦጉሞቶሪ የሚባለው፣ ከመንገዱ ሁሉ ከባዱ ነው፤ ከኮጉቺ መንደር ተነሥቶ 800 ሜትር ያህል ያስወጣል። ዝናብ ከተተነበየ ከሆንጉ በአውቶቡስ ወደ ሺንጉ ውረዱና ናቺን ከዚያ ጎብኙ።