ኮርስ ከመጨረሻው ዓመት ተነሥቶ ሲታቀድ
በሐዋሳ ለአካውንቲንግና ፋይናንስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

ጤና ይስጥልን ተማሪዎቻችን።

የአራተኛውን ዓመት የኮርስ ዝርዝር ዛሬውኑ አውጡና ከዚያ ወደ ታች ውረዱ። የኢንቨስትመንትና ፖርትፎሊዮ ኮርስ ፋይናንሻል ማኔጅመንትን ይፈልጋል፤ ፋይናንሻል ማኔጅመንት ደግሞ መሠረታዊ የሒሳብ አያያዝንና ስታቲስቲክስን። ብዙው ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚሰጥ ፋይናንሻል ማኔጅመንት አንድ ላይ ኤፍ ያገኘ ተማሪ አንድ ኮርስ ብቻ የወደቀ ይመስለዋል። ግን ፋይናንሻል ማኔጅመንት ሁለት ይያዝበታል፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውም እንዲሁ፤ በዚህ ሰበብ ምረቃው አንድ ዓመት ሊገፋ ይችላል።

በየሴሚስተሩ የምትወስዱትን በአብዛኛው ትምህርት ክፍሉ ይወስንላችኋል። በእጃችሁ ያለው ሰዓታችሁ ነው። 5 ኢሲቲኤስ (የኮርስ የሥራ ጫና መለኪያ) ያለው ኮርስ እያንዳንዱ ኢሲቲኤስ በ27 ሰዓት ሲሰላ 135 ሰዓት ሥራ ይጠይቃል፤ በ16 ሳምንት ሲከፈል በሳምንት ከ8 ሰዓት በላይ ነው። ክፍል ውስጥ 3 ሰዓት ብትቀመጡ 5 ሰዓት ያህል ይቀራችኋል። ይህን ለሁሉም ኮርስ እኩል አታካፍሉ። ሌላ ኮርስ ለተንጠለጠለበት ኮርስ 7 ሰዓት ስጡ፤ ከሌላው ቀንሱ።

ከሁሉም በላይ የምናሳስባችሁ የገንዘብ የጊዜ ዋጋን፣ ማለትም የዛሬ ብር ወደፊት ከሚገኝ ያው ብር እንደሚበልጥ ነው፤ የቦንድ ዋጋም፣ የፕሮጀክት ምዘናም፣ የብድር ክፍያም የቆሙት በእሱ ላይ ነውና። 10,000 ብር በ12 በመቶ ዓመታዊ ወለድ በ3 ዓመት 14,049 ብር ይሆናል። ወለዱ በየሦስት ወሩ ከታሰበ ግን 12 በመቶው ለ4 ተከፍሎ 3 በመቶ ይሆናል፤ ገንዘቡም በ1.03 12 ጊዜ ይባዛል፤ ውጤቱም 14,258 ብር ገደማ ነው። ቀመሩን ሸምድዶ የመጣ ተማሪ 12 በመቶውን ለ4 ሳያካፍል 12 ጊዜ ያባዛዋል። እስክርቢቶና ካልኩሌተር ይዛችሁ ሥሩት፤ ቀጥሎ በኤክሴል ድገሙት።

የመውጫ ፈተና ከ2015 ጀምሮ አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የሚጠየቀው ከየዓመቱ ዋና ዋና ኮርሶች ስለሆነ የዘንድሮ ደብተራችሁን አትጣሉ፣ ለማንም አታውሱ።

አክሲዮንና ቦንድ የሚሸጥበት የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ሥራ ጀምሯል። የአክሲዮንና የቦንድ ምዘና የመጽሐፍ ነገር ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ይህ ለእናንተ ትልቅ ዕድል ነው፣ በእውነት ደስ ይለናል። ስለዚህ የፋይናንስ ገበያና ተቋማትን ኮርስ «ንባብ ብቻ ነው» ብላችሁ አትናቁት።

የመመረቂያ ጥናታችሁን ርዕስ ሦስተኛ ዓመት ሳያልቅ ያዙ። ባንክ ያለ ትብብር ደብዳቤ መረጃ አይሰጥም፤ ደብዳቤው ወጥቶ ፈቃዱ እስኪገኝ ሳምንታት ይሄዳሉ። አራተኛ ዓመት ላይ የጀመረ ሰው መረጃው ሳይሟላ ማስረከቢያው ይደርስበታል።

ከምዝገባ በፊት አማካሪያችሁ ጋ ስትሄዱ ዝርዝሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ የትኛው ኮርስ የየትኛው ቅድመ ሁኔታ እንደሆነ፣ የትኛው በዓመት አንዴ ብቻ እንደሚሰጥ፣ ክረምት ላይ የሚከፈት ካለ የትኛው እንደሆነ ጠይቁና እዚያው ወረቀቱ ላይ ጻፉት።