«ምንም የለብዎትም» ስለሚባሉ ሕሙማን

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼና ተማሪዎች፣

እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ዳርቻ ነርቮች፣ ማለትም ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ውጭ ስላሉት ነርቮች ሕመም በጠቅላላው ቢሆንም፣ ከአንዲት የደሴ እናት ጉዳይ መነሣትን መርጫለሁ። እኚህ እናት የጦሳ ተራራ ብርድ በሚወርድበት በኅዳር ሌሊት ብርድ ልብሱን ገፍፈው፣ እግራቸውን ሲሚንቶ ወለል ላይ አሳርፈው ያነጋሉ፤ ካልሲ እንኳ ሲነካቸው እንደ እሳት ይፈጃቸዋል። ተበድረው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ የሚደረገውን የነርቭ ምርመራ አሠሩ። ይዘው የተመለሱት ወረቀት «ምንም ችግር የለም» ይላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቻቸው «እማዬ፣ ሐኪሙ ጤነኛ ነሽ ብሎሽ የለም እንዴ?» ይሏቸው ጀመር። እኔ ዘንድ ሲመጡ ከቁርጭምጭሚታቸው በታች የመርፌ ጫፍ መሹሉን አይለዩም ነበር፤ ለዓመታት ማንም ያልለካው የደም ስኳራቸውም ከፍ ብሎ ተገኘ።

ምርመራው አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ወረቀቱን የጻፈው ሰው ነው! ያ መሣሪያ የሚለካው ወፍራሞቹንና ፈጣኖቹን ነርቮች ብቻ ሲሆን፣ ሕመምንና ሙቀትን የሚያደርሱትን ቀጫጭኖች ከቶ አያያቸውም። እነርሱን የሚያሳየን ቆዳ ነው። ከውጭኛው ቁርጭምጭሚት 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በሊዶኬይን አደንዝዞ፣ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ናሙና ይወሰዳል፤ ቁስሉ ስፌት ሳያስፈልገው በአሥር ቀን ገደማ ይድናል። ናሙናው በነርቭ ክሮች ውስጥ የሚገኘውን ፒ ጂ ፒ 9.5 የተባለ ፕሮቲን በሚለይ ማቅለሚያ ከተዘጋጀ በኋላ፣ ወደ ላይኛው የቆዳ ሽፋን የሚዘልቁት የነርቭ ክሮች በማይክሮስኮፕ ተቆጥረው ከሕመምተኛው ዕድሜና ጾታ ጋር ይነጻጸራሉ። የአውሮፓ የነርቭ ሐኪሞችና የዳርቻ ነርቭ ማኅበር በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ ይህ ቆጠራ አስተማማኝ መሆኑን መስክረውለታል።

ናሙናው የክሮቹን መመናመን እንጂ መንስኤውን አይነግረንምና፣ ስኳርን፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትን፣ ኤች አይ ቪን፣ ለሳንባ ነቀርሳ የምንሰጠውን አይሶኒያዚድንም መመርመር የእኛ ሥራ ነው።

ከቆዳ ተነሥቶ ስለ ነርቭ መመርመር ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። እዚሁ ደሴ አቅራቢያ ቦሩ ሜዳ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል አለን፤ የሥጋ ደዌ ነርቭን የሚጎዳ በሽታ ሆኖ ሳለ ባክቴሪያውን የምንፈልገው ከቆዳ ላይ ነው። መቁረጫውና ማደንዘዣው በእጃችን ነው። የሚያስፈልገን ማቅለሚያው፣ ናሙና ለማቆየት በተለምዶ በምንጠቀምበት ፎርማሊን ምትክ የሚሆነው ማቆያ ፈሳሽና የነርቭ ክሮችን መቁጠር የሠለጠነ ፓቶሎጂስት (የናሙና መርማሪ ሐኪም) ናቸው።

እስከዚያው ድረስ መርፌና ቀዝቃዛ ብረት ይዛችሁ የሕሙማንን እግር ሳትፈትሹ «ምንም የለብዎትም» ብላችሁ አትጻፉ! እኚያ እናት የፊታችን ማክሰኞ ቀጠሮ አላቸው፤ ልጆቻቸውን ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ።