«አንድ ደቂቃ ብቻ!»፦ በጎንደር ለተማሪ ወላጆች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ወላጆች ወደ ቢሮዬ ይዘውት የሚመጡት ቅሬታ ዘንድሮ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ «ልጄን ማይንክራፍት ወሰደብኝ» ይላሉ። ስለዚህ የተሰጠኝን ጊዜ በሙሉ ለእርሱ አውለዋለሁ።

ይህ ከስዊድን የመጣ፣ በኮምፒውተርና በስልክ እንደ ጡብ ያሉ ቁርጥራጮችን እየደረደሩ የሚገነቡበት ጨዋታ ሙሉ ሆኖ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ነው። በ2023 ከ300 ሚሊዮን በላይ ቅጂ መሸጡ ተነግሯል። ሌላው ጨዋታ ዓመት ሳይሞላው ሲረሳ፣ ይህን ግን ታላቅ ወንድም ሲተወው ታናሽ እህት ትረከበዋለች። ለምን?

በመልኩ እንዳይባል ዛፉም፣ በጉም፣ ፀሐይዋም ሳይቀሩ አራት ማዕዘን ናቸው። ልጁ ሲገባ ግን «ይህን ሥራ» የሚለው የለም። ዛፍ ይቆርጣል፣ ድንጋይ ይፈልጣል፣ ሌሊት የሚወጡት ጭራቆች ሳይመጡ መጠለያ ይቀልሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው የራሱ ጉዳይ ነው። ቀኑን ሙሉ ተነሥ፣ ተቀመጥ፣ ጻፍ፣ ዝም በል ሲባል ለሚውል ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪያችን የአፄ ፋሲልን ግንብ በጨዋታው ውስጥ ሲሠራ አይቻለሁ። ፈተና የሆኑበት አራቱ ክብ ማማዎች ነበሩ፤ ከአራት ማዕዘን ድንጋይ ክብ ከየት ይመጣል? አንዱን ረድፍ ወደ ውስጥ፣ አንዱን ወደ ውጭ እያደረገ ደረደረ፤ አላማረውም፤ አፈረሰው። በማግስቱ ግቢው ድረስ ሄዶ ከማማ እስከ ማማ ያለውን ርቀት በእርምጃ ለክቶ መጣ። ለሒሳብ የቤት ሥራ እንዲህ ሲደክም አላየሁትም። (የሒሳብ መምህራችን ይቅርታ ያድርጉልኝ።)

ችግር የለበትም አልልም። ጨዋታው በኢንተርኔት ሲሆን አብሮ የሚገነባው ማን እንደሆነ አይታወቅም። እንደ አውሮፓውያኑ በ2006 የተጀመረው ሮብሎክስ ደግሞ ጨዋታዎቹን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የሚሠሩበት መድረክ ነው፤ ሮበክስ የሚባለው የውስጥ ገንዘቡ የሚገዛው ግን በእውነተኛ ብር ነው። እዚህ ላይ ስጋታችሁ ስጋቴ ነው።

በሰዓቱ ጉዳይ ግን ከብዙዎቻችሁ እለያለሁ። እግር ኳስ ፊሽካ አለው፤ ማይንክራፍት «አበቃ» ብሎ የሚያስቆምበት ቦታ የለውም። «አንድ ደቂቃ ብቻ!» የሚለው ልጅ ግማሽ ጣሪያ ላይ ስለሆነ ነው እንጂ ሊያታልላችሁ ፈልጎ አይደለም። ስልኩን ከእጁ ከመንጠቅ በፊት «ምን እየሠራህ ነው? የቱ ጋ ስትደርስ ታቆማለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቦታውን ራሱ ከመረጠ በቃሉ ማሰር ይቀላል። ቃሉን ካፈረሰ ያን ጊዜ ቅጡት፤ አልከለክልም።

ከስብሰባው በኋላ ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ብቅ በሉ። ከማይታወቅ ሰው ጋር መጻጻፍ የሚዘጋው በየት በኩል እንደሆነ ልጆቻችሁ ያሳዩአችኋል፤ ከእኛ ቀድመው ያውቁታል።

አመሰግናለሁ።