ለንደን የቀረው የፖላንድ መንግሥት

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፖላንድ ነው፤ ሆኖም ስለ ዋርሶ ወይም ስለ ክራኮው ሳይሆን፣ እኔ በምኖርባት በለንደን ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ስለቆየው ሌላ ፖላንድ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ፖላንዳውያን ያለ መሬት አገር ሆኖ መኖርን ቀድመው ያውቁታል። ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ በ1772፣ በ1793 (በዚህኛው ኦስትሪያ አልነበረችበትም) እና በ1795 ሦስት ጊዜ ተቀራምተዋት፣ አገሪቱ እስከ 1918 ድረስ ለ123 ዓመታት ከካርታ ጠፍታ ነበር። በ1830 በሩሲያ ላይ የተነሣው ዐመፅ ከተደመሰሰ በኋላ ባለቅኔውም ፖለቲከኛውም ፓሪስ ከተተ። የሙዚቃ ደራሲው ቾፒን በ1849 እዚያ ሲሞት አስከሬኑ በፓሪስ ተቀብሮ፣ ልቡ ግን ለብቻው ወደ ዋርሶ ተወሰደ፤ ዛሬም በቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ዓምድ ውስጥ ይገኛል።

የለንደኑ ታሪክ ግን ከስሜት ይልቅ በሕግ የቆመ ነው፤ እኔንም የሳበኝ ይኸው ነው። በ1935 የወጣው የፖላንድ ሕገ መንግሥት፣ ጦርነት ከተነሣ ፕሬዚዳንቱ ተተኪውን ራሱ እንዲሰይም ይፈቅዳል። በ1939 ጀርመንና ሶቪየት ኅብረት አገሪቱን ከሁለት አቅጣጫ ሲወርሩ፣ በሩማኒያ ታግተው የቀሩት ፕሬዚዳንት በዚህ አንቀጽ መሠረት ሥልጣናቸውን ፓሪስ ለነበሩት ለራችኬቪች አስተላለፉ። ፈረንሳይ በጁን 1940 ስትወድቅ መንግሥቱ ወደ ለንደን ተሻገረ። ከ1936 ጀምሮ በባዝ ከተማ በስደት የነበሩት ንጉሠ ነገሥታችን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ሱዳን ለመሄድ ከእንግሊዝ የተነሡት በዚያው ወር ነበር። የእኛው ስደት በዓመቱ አዲስ አበባ ላይ አበቃ፤ የእነርሱ ገና መጀመሩ ነበር።

በጁላይ 1945 ብሪታንያና አሜሪካ ለለንደኑ መንግሥት የሰጡትን ዕውቅና አንሥተው፣ በሶቪየቶች ለሚደገፈው ለዋርሶው አስተዳደር ሰጡ። ከምዕራባውያን ጎን ተሰልፈው ከተዋጉት ፖላንዳውያን ብዙዎቹ የምሥራቁ ክፍለ ሀገር ሰዎች ስለነበሩ፣ የትውልድ ቀያቸው ከነጭራሹ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተካልሎ ነበር። ጄኔራል ማቼክን እንመልከት። እኚህ ሰው የፖላንድን አንደኛ የታንክ ክፍለ ጦር እየመሩ በ1944 የኔዘርላንድሷን ብሬዳ ከተማ ነጻ ያወጡ አዛዥ ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ የዋርሶው መንግሥት ዜግነታቸውን ገፈፋቸው፤ ብሪታንያም የጄኔራል ጡረታ ነፈገቻቸው። በዚህም ምክንያት ጄኔራሉ በኤድንብራ ሆቴል ውስጥ ባርማን ሆነው መጠጥ ሲቀዱ ኖሩ። በጀርመኖች ላይ የተነሣውን የዋርሶውን የ1944 ዐመፅ የመሩት ጄኔራል ኮሞሮቭስኪ ደግሞ ለንደን ውስጥ የሶፋ ጨርቅ በመለበድ ኑሯቸውን ይገፉ ነበር። ማቼክ በ1994 በ102 ዓመታቸው ሲያርፉ የተቀበሩት በብሬዳ፣ ከወታደሮቻቸው ጎን ነው።

ዕውቅና ያጣው መንግሥት ግን ሚኒስትር መሾሙን አላቋረጠም። የስደተኛ ፖለቲካ የሚታማበት ጠብም አልቀረለትም፤ ፕሬዚዳንት ዛሌስኪ በ1954 የሰባት ዓመት ዘመናቸው ሲያበቃ ወንበሩን አልለቅም በማለታቸው ተቃዋሚዎቻቸው የራሳቸውን ምክር ቤት አቋቋሙ፤ ክፍፍሉም እስከ 1972፣ ማለትም ዛሌስኪ እስኪሞቱ ድረስ ዘለቀ። በማይገዙት አገር ሥልጣን ይህን ያህል ዓመት መኳረፍ አስቂኝ ይመስላል፤ እኛ አበሾች ግን ለመሳቅ የምንቸኩልበት ምክንያት ያለን አይመስለኝም።

በእኔ ግምት የዚያ ሁሉ ግትርነት ዋጋ የታየው በዲሴምበር 22 ቀን 1990 ነው። የመጨረሻው የስደት ፕሬዚዳንት ካቾሮቭስኪ በወጣትነታቸው የሶቪየት ፍርድ ቤት ሞት ፈርዶባቸው፣ ቅጣቱ ተለውጦላቸው በሩቅ ምሥራቅ ሶቪየት ወደሚገኘው የኮሊማ የግዞት ካምፕ የተጋዙ፣ በለንደንም በሂሳብ ሠራተኝነት የኖሩ ሰው ነበሩ። የፕሬዚዳንቱን ዓርማና ማኅተሞች ከ1935ቱ ሕገ መንግሥት ጋር ይዘው ዋርሶ ገቡና፣ በንጉሣዊው ቤተ መንግሥት ሕዝብ ለመረጣቸው ለሌክ ዋሌሳ አስረከቡ። ዋሌሳ እነዚህን የተቀበሉት ከኮሚኒስቱ ፕሬዚዳንት ከያሩዜልስኪ አለመሆኑ፣ አዲሲቱ ሪፐብሊክ የማን ወራሽ ነኝ እንደምትል በግልጽ ተናገረ።

ከ2004 በኋላ ወደ ብሪታንያ የመጡት ፖላንዳውያን ግን ሌላ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ፖላንድ አውሮፓ ኅብረት ስትገባ ብሪታንያ፣ አየርላንድና ስዊድን ወዲያውኑ የሥራ ገበያቸውን ከፈቱ፤ በ2011 ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ ብዙ ሰው ዋና ቋንቋዬ ያለው ፖላንድኛን ነበር። እነዚህ ግንበኞችና ነርሶች በርካሽ የአውሮፕላን ቲኬት ለገና ቤታቸው ደርሰው ስለሚመለሱ፣ አገር የማቆየት ሸክም የለባቸውም። ልጆቻቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚልኩባቸው የፖላንድኛ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ግን የእነዚያ ወታደሮች ትውልድ የመሠረታቸው ናቸው።

በኦክቶበር 2023ቱ ምርጫ በውጭ አገር ለመምረጥ የተመዘገቡት ፖላንዳውያን ከ600,000 በላይ ነበሩ። ሕጉ በውጭ ያለ ጣቢያ ቆጠራውን በ24 ሰዓት ውስጥ ካላስታወቀ ድምፁ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል ይል ስለነበር፣ ረጃጅም ሰልፍ የነበረባቸው ጣቢያዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲቆጥሩ አደሩ። የወጣ ሰው የአገሩን መንግሥት ይምረጥ ወይስ አይምረጥ የሚለው ክርክር ፖላንድ ውስጥም አለ። እኔ ይምረጥ ከሚሉት ወገን ነኝ።