የምርጫው ሌሊትና የወንድሜ አርባ
(ኖቬምበር 14 ቀን 2008፣ ኦክላንድ ካሊፎርኒያ፣ በወንድሜ የአርባ ቀን መታሰቢያ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ለወንድሜ አርባ ብላችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሳክራሜንቶና ከሳን ሆዜ ነድታችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ለቅሶ የደረሳችሁ፣ ወጥ ሠርታችሁ ያመጣችሁ፣ አብራችሁን ያደራችሁ ሁሉ፣ ብድራችሁን በደስታ ይመልስልኝ።

ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ማታ ብዙዎቻችን አንድ ቤት ነበርን። ከምሽቱ 2 ሰዓት የካሊፎርኒያ ምርጫ ጣቢያዎች እንደተዘጉ ቴሌቪዥኑ ባራክ ኦባማ ማሸነፉን ተናገረ። እልልታው፣ የታክሲዎቹ ጥሩምባ፣ የማይተዋወቅ ሰው በመንገድ ላይ እየተቃቀፈ ሲያለቅስ! ሠላሳ ዓመት እዚህ አገር የኖሩ አባቶች እንደ ሕፃን ሲነፋረቁ አየሁ። የጎረቤታችን የኬንያ ሰው ልጅ ዋይት ሀውስ ሊገባ ነው። እኔም ማቅ ለብሼ እልል አልኩ። ያንን እልልታ ዛሬም አልጸጸትበትም።

ኦባማም ያን ዕለት ሐዘንተኛ ነበር። ያሳደጉት አያቱ ማደሊን ደንሃም ምርጫው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ሆኖሉሉ ውስጥ አረፉ። በማግስቱ ሻርሎት ላይ ስለ እሳቸው ሲናገር እንባው በጉንጩ ወረደ፤ እንባውን ጠርጎ ንግግሩን ቀጠለ። በድሉ ምሽትም ቺካጎ ላይ አያቱን ሳያነሣ አላለፈም። እኔን ያጽናናኝ ይሄ ነው፤ ሐዘን ያለበት ሰው መደሰት ነውር እንዳልሆነ ከእሱ አየሁ።

ከዚያ ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ የጋብቻን ጉዳይ ለሕዝብ ድምፅ ያቀረበው የፕሮፖዚሽን 8 ውጤት መምጣት ጀመረ። ከመቶ 61 እጅ ለኦባማ ድምፁን የሰጠው ይኸው ሕዝብ፣ በዚያው ወረቀት ላይ ከመቶ 52 እጅ ያህሉ «በካሊፎርኒያ ሕጋዊ ሆኖ የሚታወቀው በወንድና በሴት መካከል ያለ ጋብቻ ብቻ ነው» የሚለው ቃል ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ይግባ አለ። በሜይ ወር የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 4 ለ 3 ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የፈቀደው የጋብቻ መብት በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ተነሣ።

ወንድሜ ያገባው በዚያ ፍርድ ነው። በጁላይ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ማዘጋጃ ቤት፣ ካንሰሩ ክብደቱን ጨርሶት ሱሪው በቀበቶ ተይዞ፣ ባለቤቱ ክንዱን ደግፎት ደረጃውን ወጡ። እኔ ምስክር ሆኜ ፈረምኩ። የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ «ያገባ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩም የባለቤቱ ስም አለ። አሁን በዚያ ወረቀት ላይ ክርክር ተነሥቷል። በእነዚያ ወራት የተጋቡት ወደ 18,000 ጥንዶች ትዳራቸው ይጸናል ወይስ ይፈርሳል የሚለውን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጄሪ ብራውን ይጸናል ብለዋል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የፍርድ ቤቱ ነው። ባሉን ከቀበረ ገና ሁለት ወር ያልሞላው ሰው፣ ባል ነበርክ ወይስ አልነበርክም የሚለውን ከዳኞች ይጠብቃል።

የወንድሜ የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ የደረሰው ከተቀበረ በኋላ ነበር። ፖስታውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ለኦባማ ኦሃዮና ኔቫዳ ድረስ ሲደውል የከረመ ልጅ ነው። የኦባማ ስምና ቁጥር 8 እዚያው ወረቀት ላይ ነበሩ። መልሼ አጣጥፌ አስቀመጥኩት።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ለቁጥር 8 «የስ» ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሦስታችሁ በግልጽ ነግራችሁኛል፤ ስለነገራችሁኝም አከብራችኋለሁ። ከእናንተ ጋር ማዕድ እንዳልቆርስ የሚያደርገኝ ነገር የለም። ግን አንድ ነገር ልበል። ቄስ ያለ እምነቱ እንዲያጋባ ይገደዳል ተብሎ ተነግሯችሁ ነበር። የሜይ ፍርዱ ራሱ ማንም የሃይማኖት አባት ከእምነቱ ውጭ እንዲያጋባ እንደማይገደድ በግልጽ ጽፏል። ቤተ ክርስቲያናችሁን የነካት አልነበረም። የተነካው የወንድሜ ቤት ነው።

በሌላ በኩል ባለፈው ሳምንት ቁጥር 8ን በሚቃወም ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሰው ቆዳዬን አይቶ «ይህን ያደረጋችሁብን እናንተ ናችሁ» አለኝ። ከምርጫ ጣቢያ ደጃፍ የተሰበሰበ መጠይቅ ከጥቁር መራጮች ከመቶ 70 «የስ» ብለዋል ስላለ ነው። ጥቁር ሕዝብ በካሊፎርኒያ ከመቶ ሰባት እጅ እንኳ አይሞላም፤ ብቻውን ይህን ሊያሳልፍ አይችልም። ወንድሜም ጥቁር ነበር። እሱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለከሳሽ ግማሹን ለተከሳሽ መስጠት እንዴት ይቻላል? በቁጣቸው ብካፈልም ይህን አልቀበልም።

ይኸው የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ የሚከለክለውን ሕግ ሽሯል፤ ያኔ ሕዝቡ ድምፅ ስጥ ቢባል ምን ይል እንደነበር መገመት አያቅትም። አገሩ በሙሉ እስኪከተል 1967 ደረሰ። የኦባማ እናትና አባት በ1961 ሃዋይ ውስጥ ሲጋቡ፣ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ትዳራቸው ወንጀል ነበር። ማክሰኞ ማታ እልል ያልንለት ሰው የዚያ ትዳር ልጅ ነው። ይህን የምነግራችሁ ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ናቸው ለማለት አይደለም፤ የሰው ትዳር በብዙኃን ድምፅ ሲመዘን ማን እንደሚጎዳ እኛም ስለምናውቅ ነው።

በቀብሩ ዕለት የሆነውን ሳልናገር መቀመጥ አልችልም። ለቀስተኛው ተራ በተራ መጥቶ «እግዜር ያጽናሽ» እያለኝ አለፈ። ባለቤቱ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ጉልበታችን ይነካካል። ሰው ሁሉ እኔን ስሞ፣ እሱን ዘሎ፣ ቀጥሎ የተቀመጠውን አጎቴን ይጨብጣል። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ምን እንደሚባል ስለጠፋባችሁ ነው። አንዲት እናት ብቻ ቆሙ። ጉንጩን በሁለት እጃቸው ይዘው «አይዞህ ልጄ» አሉት። አማርኛ አይሰማም። ግን ከዚያ በፊት ያላለቀሰው ሰው ያኔ አለቀሰ።

አዲስ አበባ ላለችው እናታችን መርዶውን ያረዷት ዘመዶች ናቸው፤ ልጇ ማንን ትቶ እንደሞተ የነገርኳት ግን እኔ ነኝ፣ በስልክ። ብዙ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» አልኳት። «ልጁ እህል ይቀምሳል ወይ?» አለችኝ። ስለ ጋብቻው እስከ ዛሬ ቃል አልወጣትም፤ እንድትቀበለውም አልጫንኳትም። በደወልኩ ቁጥር ግን መብላቱን ትጠይቀኛለች።

ነገ ቅዳሜ ጠዋት በአገሩ ሁሉ ሰልፍ አለ፤ እኔም ሳን ፍራንሲስኮ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት እቆማለሁ። አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ መኪናዬ ውስጥ ቦታ አለ። የማትመጡም አትሳቀቁብኝ። አሁን ምግቡ ሊቀርብ ነው። የወንድሜ ባለቤት ከፊት ወንበር፣ ከፍሬዝኖ ከመጡት እናቱ ጋር ተቀምጧል። ከእኔ በፊት እሱን «እግዜር ያጽናህ» በሉት፤ ሳህንም አንሡለት፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም።